ዋጋ መጨመርና ሚዛን ማጉደል አንድ አይደሉም



ስለ ኑሮ ውድነት የማይናገር ሰው ዛሬ በከተማችን አይገኝም። በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ ቢሆን፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቢሆን፣ በለቅሶ ድንኳን እንኳ ቢሆን ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ገበያ ይመለሳል። የወሬውም መደምደሚያ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ነጋዴው ጨክኗል» የሚል ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንኑ ሮሮ ለመድገም አይደለም። ወጪ ሲጨምርና የደንበኛው ልማድ ሲለወጥ ባለ ሱቁ፣ ባለ ዳቦ ቤቱና ባለ ምግብ ቤቱ ምን ምን እንደሚያደርጉ ረጋ ብለን ብንመለከት፣ ከሚያደርጉት ውስጥ የትኛው እንደሚመሰገን፣ የትኛው እንደሚታገሡት፣ የትኛውም እንደሚነቀፍ ለይተን ለማወቅ እንችላለን ብዬ ስለማምን ነው። ሁሉን በጅምላ መንቀፍ ሐቀኛውን ከአታላዩ ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ነውና፣ ይህን አሳቤን በጋዜጣዎ ዓምድ ቢያወጡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በመጀመሪያ ነጋዴው የተሸከመውን ሸክም እንይ። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከመቶ 30 እጅ በላይ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለነዳጅ ይደረግ የነበረው ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽም የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ ነገር ለቡና ገበሬያችንና ለአገራችን ገቢ የምሥራች ነው፤ ለከተማ ሻይ ቤት ባለቤት ግን ጧት ጧት የሚፈጨው ቡና ተወደደ ማለት ነው።

አንዲት አነስተኛ ሻይ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ቡናው፣ ወተቱ፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱና ዘይቱ በየፊናው ይጨምራል። የቤት ኪራዩ ይጨምራል። አስተናጋጆቹም ሰዎች ናቸውና በዱሮ ደመወዝ አያድሩም። የቡና ማሽኑ የተበላሸ እንደ ሆነ መለዋወጫው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ስለ ሆነ ዋጋው በዶላር የተቆረጠ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ስኒ ማኪያቶና አንድ ቁራሽ ኬክ ነው። ስለዚህ «ትናንት በዚህ ዋጋ የጠጣሁትን ዛሬ ለምን ጨመርህብኝ» ብሎ መቆጣት ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የዋጋ ንረት ቀነሰ ሲባል ስንሰማ «ታዲያ ዋጋው ለምን አልወረደም? ነጋዴው እያሤረ ነው» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት ከመቶ 30 እጅ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ንረቱ በግማሽ ቀንሶ ከመቶ 15 እጅ ቢሆን፣ ዕቃው 149 ብር ከ50 ሣንቲም ይሆናል እንጂ ወደ 100 ብር አይመለስም። ንረት ቀነሰ ማለት ዳገቱ ለዘብ አለ ማለት ነው፤ ቁልቁለት ጀመርን ማለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሸማች በማያጠፋው ነጋዴ ላይ ይቆጣል፤ በሚያጠፋው ላይ ግን ዐይኑን ይጨፍናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የደንበኛው ሁኔታ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛችን በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ዋጋ ግን በየቀኑ ይመጣል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጭማሪው እስኪመጣ ድረስ በነበሩት ዓመታት ደመወዝተኛው ኑሮውን ለማብቃቃት ልማዱን ለውጧል፤ የተለወጠ ልማድ ደግሞ ደመወዝ ስለ ጨመረ ብቻ በአንድ ቀን አይመለስም።

ለውጡ ምን እንደሚመስል ማንም በዐይኑ ያየዋል። ጧት ወንበር ስቦ ማኪያቶ ያዝ የነበረው ሰው ዛሬ በመንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጀበና ቡና ይጠጣል። ምሳውን በምግብ ቤት ይበላ የነበረው ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሥጋ በኪሎ ይገዛ የነበረው በግማሽ ኪሎ ይገዛል፤ በግማሽ ይገዛ የነበረውም በዓል ይጠብቃል። በሌላ ወገን ደግሞ ከወጪ ማነስ ያልመጣ ለውጥ አለ። በጋራ መኖሪያ ቤት ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ባልም ሚስትም ቢሮ የሚውሉበት ቤተ ሰብ ሊጥ አቡክቶ ምጣድ ለመጣድ ጊዜውም ቦታውም ስለሌለው እንጀራውን ከጋጋሪ ይገዛል። ገንዘቡንም ከኪሱ ሳይሆን ከስልኩ ይከፍላል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንሥቶ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት እንኳ የስልክ ቁጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋ ታስቀምጣለች።

እንግዲህ ነጋዴው በሁለት በኩል ተይዟል። ከኋላው ወጪው ይገፋዋል፤ ከፊቱ ደንበኛው ይሸሸዋል። በዚህ ጊዜ በፊቱ የሚታዩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዋጋውን በግልጽ መጨመር ነው። ሁለተኛው የሥራውን ዐይነት መለወጥ ነው። ሦስተኛው ዋጋውን እንዳለ ትቶ ዕቃውን በስውር ማሳነስ ወይም ማርከስ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ የከተማችን ሰው ያሳየው ብልሃት ሊመሰገን ይገባዋል። አንዳንድ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸውን አሳጥረው የሚታወቁበትን ሦስት አራት ዐይነት ብቻ መሥራት ጀምረዋል፤ በዚህም ሳይሸጥ የሚበላሸው ቀነሰ። ሌሎቹ ግማሽ ምግብ በግማሽ ዋጋ ያቀርባሉ። ተጨማሪ እንጀራ ለየብቻው የሚያስከፍሉም አሉ፤ ደንበኛው መጀመሪያ ቅር ቢለውም ነገሩ ፍትሐዊ ነው፤ አንድ እንጀራ የበቃው ሰው ሦስት ለሚበላው የሚከፍልበት ምክንያት የለምና። ልብስ ሰፊው አዲስ ሱፍ የሚያሰፋ ሰው ሲያጣ ሳልባጅ ማስተካከልንና ማጥበብን ዋና ሥራው አደረገ። ጫማ ሰፊው ሶል በመቀየር ይኖራል። አንድ ሱቅ ለብቻቸው መከራየት ያቃታቸው ሁለት ሰዎች አንዱን ክፍል ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን ልብስ፣ በሌላው የስልክ ዕቃ ይሸጡበታል። እንጀራ ጋጋሪዎችም በስልክ ትእዛዝ ተቀብለው እስከ ደጅ ያደርሳሉ። እነዚህ ሰዎች የወጪያቸውን ሸክም በሙሉ በደንበኛው ላይ አልጣሉም፤ ከራሳቸው ሥራ ውስጥ የሚባክነውን ፈልገው አገኙ።

የስልክ ክፍያም ያልታሰበ ጥቅም አምጥቷል። ቀድሞ ነጋዴው ዝርዝር ገንዘብ ስለማያገኝ ዋጋ የሚጨምረው በአምስትና በአሥር ብር ነበር። ወጪው በ2 ብር ቢጨምርበትም ዋጋውን 5 ብር ከፍ ያደርግ ነበር፤ ወይም መልሱን በማስቲካ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን 37 ብርም ቢሆን 43 ብርም ቢሆን ሳይጎድል ሳይተርፍ ለመቀበል ይቻላል። ስለዚህ «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ ብዙ አያስኬድም።

በሁለተኛው መንገድ ውስጥ ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በጥቂት በጥቂቱ መሸጥ ነው። ዘይት በስኒ፣ ድልህ በማንኪያ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ የልብስ ሳሙና በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል። ባለ ሱቁ ይህን የሚያደርገው የደንበኛውን አቅም አይቶ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ 300 ብር ቢሆንና ከሊትሩ ዐሥረኛው እጅ የሆነው አንድ ስኒ በ36 ብር ቢሸጥ፣ በስኒ የሚገዛው ሰው ሊትሩን ጨርሶ ሲገዛ 360 ብር ከፍሏል ማለት ነው። ድኻው ከባለጠጋው ይልቅ ከመቶ 20 እጅ አስወድዶ ገዛ። ሱቁ የመክፈልና የመልቀም ድካም አለበትና ጥቂት ቢያተርፍ አይነቀፍም፤ ቢሆንም ሸማቹ የሚከፍለውን ዐውቆ ይክፈል። ሲቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፣ የቸገረው ሰው የሚገባበት ስሌት ሁልጊዜ የሚጎዳው ነውና።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ እንምጣ። ዳቦው በዱሮው ዋጋ ይሸጣል፤ በእጅ ሲያነሡት ግን እንደ ላባ ይቀላል። እንጀራው ዋጋው አልተለወጠም፤ ስፋቱ ግን ጠቧል፣ ወይም «የጤፍ ነው» እየተባለ ሩዝና በቆሎ ገብቶበታል። የሩዝና የበቆሎ ቅልቅል በራሱ ነውር አይደለም፤ ጤፍ የተወደደበት ቤተ ሰብ ሁሉ በገዛ ቤቱም የሚያደርገው ነው። ነውሩ ቅልቅሉን ጤፍ ብሎ መሸጥ ነው። በማኪያቶው ውስጥ ወተቱ ቀጠነ። አንድ ኪሎ የተባለው ሽንኩርት በሌላ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ዘጠኝ መቶ ግራም ሆነ። ዋጋ በአንደበት ሲነገር ይሰማል፤ ሚዛን ግን አይናገርም።

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ መቶኛ ሳስተምር እያንዳንዳቸው ከየሰፈራቸው አንዳንድ ዳቦ በተመሳሳይ ዋጋ ገዝተው እንዲመጡ አዝዤ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ አስመዘንኋቸው። ዋጋቸው አንድ የሆነው ዳቦዎች ክብደታቸው ልዩ ልዩ ሆነ፤ ከሁሉ የከበደውና ከሁሉ የቀለለውም የተገዙት በአንድ መንገድ ላይ ካሉ ሁለት ቤቶች ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሠራነው ስሌት ተማሪዎቹን ይልቅ አስገረማቸው። 100 ግራም የነበረ ዳቦ ዋጋው ሳይለወጥ 80 ግራም ቢሆን፣ ከዳቦው የጎደለው ከመቶ 20 እጅ ነው። ዋጋው የጨመረው ግን ከመቶ 20 እጅ አይደለም፤ ከመቶ 25 እጅ ነው። ቀድሞ በአራት ዳቦ ያገኘውን ያህል ለማግኘት ሸማቹ አሁን አምስት ዳቦ መግዛት አለበትና። እንዲሁም ኪሎው 900 ግራም ከሆነ የጎደለው ከመቶ 10 እጅ ቢሆንም የተጨመረብን ዋጋ ከመቶ 11 እጅ ያልፋል። ማሳነስ ምን ጊዜም ከሚታየው ይልቅ የሚበልጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ የተናገረችው ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች አንዱ ነው። «መምህር፣ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ጤፍ ሲወደድ ለደንበኞቿ ነግራ ዋጋ ጨመረች፤ ብዙዎቹ ትተዋት ሄዱ። ጎረቤታችን ግን ዋጋ ሳትጨምር እንጀራውን አሳነሰች፤ የእናቴ ደንበኞች ወደ እርሷ ሄዱ። ታዲያ እናቴ ምን ታድርግ?» አለችኝ። ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ አልነበረም። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም የእናቷ ሥራ ትክክል መሆኑን ነገርኋት፤ ነገር ግን ትክክል መሆን ብቻ የቤት ኪራይ እንደማይከፍል እርሷም እኔም እናውቃለን።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ የጉዳዩ ሥር ይገኛል። ዋጋውን በግልጽ የጨመረውን ነጋዴ እንቀጣዋለን፤ በስውር ያሳነሰውን ግን በደንበኝነት እንሸልመዋለን። ቅጣቱም ከሸማቹ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የምንዛሪው ለውጥ በተደረገበት ሰሞን፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ አያሌ የንግድ ቤቶች መታሸጋቸው ተነግሯል። በመጋዘኑ የቆየ ዕቃ ደብቆ በማግሥቱ በእጥፍ ለመሸጥ የተነሣ ስግብግብ ቢቀጣ የሚቃወም የለም። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋን ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው ትምህርት የሚወስደው በሌላ በኩል ነው፤ «ዋጋ ብጨምር ሱቄ ይታሸግብኛል፤ ግራም ብቀንስ ግን ማንም አይጠይቀኝም» ብሎ ያስባል። እንዲህ ከሆነ ቁጥጥሩ ራሱ ሳያስበው ሐቀኛውን ወደ ሦስተኛው መንገድ እየገፋው ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውም ይኸው ነው። ይህን የምለው የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የሚዛን ምርመራ ከዋጋ ምርመራ ቢቀድም ሥራቸው ይቃናል እንጂ አይከብድም።

አንዳንድ ሰው «ዕቃ ማሳነስ የኛ አገር ነጋዴ ያመጣው ክፉ ልማድ ነው» ይላል። ይህም እውነት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የሚሸጠው ቶብለሮን የተባለው ቸኮሌት ባለ 400 ግራሙ 360 ግራም፣ ባለ 170 ግራሙ ደግሞ 150 ግራም ተደርጎ ነበር፤ ይኸውም የተደረገው በቸኮሌቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት በማስፋት ነው። ሕዝቡ ነገሩን ሲያውቅ ብዙ ተሣለቀ፤ ብዙም ተቆጣ። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ከ400 ካሬ ሜትር የሚበልጡ የምግብ ዕቃ መደብሮች፣ መጠኑ ተቀንሶ የአንድ ኪሎ ወይም የአንድ ሊትር ሒሳቡ የተወደደ ዕቃ ሲሸጡ፣ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ በዕቃው አጠገብ ለሁለት ወር ያህል መለጠፍ አለባቸው። ልብ እንበል፤ ደንቡ ማሳነስን አልከለከለም። ያዘዘው ማሳነሱ በግልጽ እንዲነገር ነው።

በእነርሱና በእኛ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ቸኮሌቱ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ክብደቱ ተጽፏል፤ ማንበብ የቻለ ይደርስበታል። የኛ ዳቦ፣ የኛ እንጀራ፣ የኛ ሥጋና የኛ ሽንኩርት ግን ወረቀት የለውም። ስለዚህ ከውጭ አገር ደንብ በመገልበጥ ብቻ መፍትሔ አናገኝም። በኛ ዘንድ ወረቀቱን የሚተካው በሱቁ ውስጥ የተቀመጠው ሚዛንና በግድግዳው ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው። የሕግ መሠረቱም ከጥንት አለን፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ለሸማቹም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ከዋጋው ጎን «ክብደቱ ይህን ያህል ግራም» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምን ያስቸግራል?

አንድ ወዳጄ ይህን አሳቤን ሰምቶ፣ «ለድኻ ሸማችኮ ትንሽ ዳቦ በዱሮው ዋጋ ማግኘት ይሻለዋል፤ አምስት ብር ብቻ በእጁ ያለ ልጅ ዋጋው ስድስት ሲሆን ጦሙን ያድራል» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለበት። መልሴ ግን እንዲህ ነው፤ ትንሽ ዳቦ መጋገር አልተከለከለም፤ ይጋገር። ከትልቁ ጎን ይቀመጥ፤ የትንሹም የትልቁም ክብደትና ዋጋ ይጻፍ። ያን ጊዜ ልጁ ትንሹን፣ ባለ ብዙ ቤተ ሰቡ ትልቁን ዐውቆ ይመርጣል። ሸማቹ የሚበደለው ዳቦው ስላነሰ አይደለም፤ ምርጫው ከእጁ ሳያውቅ ስለ ተወሰደበት ነው።

በደሉም በሸማቹ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩን በቁጥር ይከፋፍላል፤ ለዳቦ ይህን ያህል፣ ለዘይት ይህን ያህል፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ይህን ያህል ይላል። ዋጋ በግልጽ ሲጨምር ቢመረውም ሒሳቡን ያስተካክላል። ዕቃው በስውር ሲያንስ ግን ገንዘቡ በየት እንደ ሄደ አያውቅም፤ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም የቤት ሠራተኛዋን ትጠረጥራለች። ከዚያም አልፎ፣ አንዴ የተታለለ ደንበኛ ሐቀኛውንም አያምነውም። የኛ ገበያ ደግሞ ከጥንት የቆመው በእምነት ነው። ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ወስደን ደመወዝ ሲመጣ የምንከፍለው ባለ ሱቁ ስላመነን ነው። ያ እምነት ከሁለቱ ወገን በአንዱ የጠፋ ቀን የዱቤው መዝገብ ይዘጋል፤ በወሩ መጨረሻ ሳምንት የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ነጋዴዎቻችን ዋጋ መጨመር ግድ በሆነባቸው ጊዜ ከሳምንት በፊት በወረቀት ጽፈው በመለጠፍ ምክንያቱን ቢገልጹ ደንበኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። የዳቦንና የእንጀራን ክብደት፣ የእንጀራውንም ቅልቅል ይጻፉ። «ግማሽ ጤፍ፣ ግማሽ ሩዝ» ብሎ የጻፈ ጋጋሪ ገዢ አያጣም፤ እንዲያውም በእርሱ ዘንድ የሚፈልገውን ዐውቆ የሚመጣ ገዢ ይበዛለታል።

ሁለተኛ፣ የንግድ ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ በመጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ የተለጠፈውን ዋጋ፣ ከዚያም ደረሰኙን ይመልከቱ። በየገበያውም፣ ይልቁንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተስፋፉት የእሁድ ገበያዎች፣ ማንም ሸማች የገዛውን መልሶ የሚመዝንበት አንድ የታመነ ሚዛን ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሚዛን ከብዙ የቅጣት ደብዳቤ ይልቅ ይሠራል፤ ነጋዴው ደንበኛው በመውጫው ላይ እንደሚመዝን ካወቀ አስቀድሞ ይጠነቀቃልና።

ሦስተኛ፣ እኛ ደመወዝተኞች በየመሥሪያ ቤታችን ተባብረን መግዛትን እንልመድ። በዓል ሲመጣ በቅርጫ በሬ መካፈልን ማንም አላስተማረን፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ታዲያ በሬን በቅርጫ የምንካፈል ሰዎች አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም አንድ ካርቶን ዘይት ለአምስት ለስድስት ገዝተን ለመካፈል ምን ይከለክለናል? ቀደም ብዬ ያሳየሁት በስኒ የመግዛት ጉዳት የሚቀረው በዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል። ብቻ ገንዘብ ያዡ የታመነ፣ መዝገቡም ለሁሉ ክፍት ይሁን፤ የሸማቾች ማኅበራትም ሱቆች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ በገበያ ሳይሆን በመዝገብ ነው።

አራተኛ፣ እኛ መምህራን የዕቃን ዋጋ በኪሎና በሊትር እየመቱ ማወዳደርን ለልጆች እናስተምር። መቶኛ በሰሌዳ ላይ የሚቀር ትምህርት አይደለም። ዳቦ ቤት ገብቶ የሁለት ዳቦዎችን ዋጋ በግራም አካፍሎ ርካሹን የሚያውቅ ልጅ ለወላጆቹ ከደመወዝ ጭማሪ የማይተናነስ ስጦታ ይዞላቸው ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን የእያንዳንዳችን ጠባይ ይቀድማል። ዋጋ መጨመሩን በግልጽ የነገረንን ሰው ሰድበን፣ ዝም ብሎ ወዳሳነሰው ቤት የምንሄድ ከሆነ፣ ሐቀኝነትን ከገበያ የምናባርረው እኛው ነን። ሁለት እንጀራ ጋጋሪዎች በአንድ ግቢ ቢኖሩ፣ እንጀራዎቹን አንሥተን እናመዛዝን፣ ስለ ቅልቅሉም እንጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ እንፍረድ። ያችን ተማሪ መልስ ያጣሁላት ለዚህ ነው፤ የጥያቄዋ መልስ ያለው በእኔ ጠመኔ ሳይሆን በእናቷ ደንበኞች እጅ ነውና።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ